ምዕራፍ ሦስት፦ ቡናማዎቹ መስመሮች

ጎሐ ጽዮንንና ደጀንን ካርታ ላይ ፈልጓቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የአባይን በረሃ መሐል አድርገው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ማስመሪያ አጋድማችሁ በካርታው ስኬል ብታሰሉ ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። በመስመሩ የሚመላለስ ሹፌር ብትጠይቁ ደግሞ መኪናው 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚቆጥር ይነግራችኋል። ሹፌሩ አልዋሸም፤ ማስመሪያውም አልተሳሳተም። ታዲያ ትርፉ 20 ኪሎ ሜትር ከየት መጣ?

መልሱ እዚያው ካርታው ላይ አለ። የሚገኘው ግን በደማቁ የመንገድ መስመር ላይ ሳይሆን ከሥሩ እየተጠማዘዙ በሚያልፉት ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ውስጥ ነው። ብዙ ተማሪ ካርታ ሲሰጡት በመጀመሪያ የሚያውቀውን የከተማ ስም ይፈልጋል፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ቀጥሎ ወንዙን። ቡናማዎቹን አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል። ክፍል ውስጥም ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ከካርታ መፍቻውና ከቀለማቱ ይጀምርና እነሱ ዘንድ ሳይደርስ ደወል ይደወላል። በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። ለሜዳማ አገር ይሠራ ይሆናል። ደጋውና ቆላው እንዲህ ተፋጥጦ በሚኖርበት አገር ግን ካርታ መነበብ ያለበት ከከፍታው ተነሥቶ ነው። ርቀቱም፣ ሙቀቱም፣ የሚዘራው እህል እንኳ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ውሃው የት ድረስ ይመጣል?

ቡናማዎቹ መስመሮች ኮንቱር ይባላሉ። ምንነታቸውን ለማስረዳት ከሕዳሴ ግድብ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ግድቡ ጉባ ላይ ሲሠራ ሐይቁ ሞልቶ የሚደርስበት ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር እንዲሆን ተደርጎ ነው። እንግዲህ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የተሣለ፣ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ከፍ የሚሉ የአካባቢው ካርታ አገኛችሁ እንበል። ካርታው ላይ ሐይቅ የለም፤ ያለው ወንዙ ብቻ ነው። 600 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ደመቅ ያለ ቡናማ መስመር ፈልጉ። ከእሱ ሽቅብ ስትቆጥሩ የመጀመሪያው ቀጭን መስመር 620፣ ሁለተኛው 640 ነው። ይህን ሁለተኛውን በሰማያዊ እርሳስ ተከተሉት። በየሸለቆው ገብቶ እየወጣ፣ በየኮረብታው ጥግ እየዞረ ይወስዳችኋል። ስትጨርሱ የሣላችሁት የንጋት ሐይቅን ዳርቻ ነው፤ ውሃው ገና ሳይመጣ።

ይህ የሚሆነው የረጋ ውሃ ዳርቻው በሙሉ አንድ ከፍታ ላይ ስለሚውል ነው። ኮንቱርም ሌላ ምሥጢር የለውም፦ ከባሕር ጠለል እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች እየነካ የሚሄድ መስመር ነው። ከ640 ሜትር በላይ ራሳቸውን ያወጡ ኮረብታዎች በሰማያዊው መሐል እንደ ክብ ተከበው ይቀራሉ፤ ዛሬ ደሴት ሆነዋል።

እርሳሳችሁ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቸገራል። ከዋናው ግድብ ራቅ ብሎ በሁለት ከፍታዎች መካከል መሬቱ ከ640 በታች ዝቅ ይላል። መስመሩ እዚያ አይገጥምም፤ ክፍተት ይተዋል። ያ ክፍተት እንዳለ ቢተው ሐይቁ ሳይሞላ ውሃው በዚያ በኩል ያመልጥ ነበር። መሐንዲሶቹ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሁለተኛ ግድብ የሠሩት ለዚህ ነው። ኮርቻ ግድብ የሚባለው እሱ ነው፤ በሁለት ከፍታዎች መካከል ዝቅ ብሎ የሚገኝ መሬትም በካርታ አንባቢዎች ዘንድ ኮርቻ ይባላል።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ሕጎች ይወጣሉ። ሁለት የተለያየ ከፍታ ያላቸው ኮንቱሮች አይቋረጡም፤ አንድ መሬት በአንድ ጊዜ 620ም 640ም ሜትር ሊሆን አይችልምና። ደግሞም እያንዳንዱ ኮንቱር ዞሮ ዞሮ ከራሱ ጋር ይገጥማል። የወረቀቱ ጠርዝ ቢቆርጠው እንኳ በሚቀጥለው ሉሕ ላይ መንገዱን ይቀጥላል።

ወደ አባይ በረሃ ስንመለስ

ለመሬት አቀማመጥ ጥናት በአገራችን በብዛት የሚሠራበት ካርታ ባለ 1:50,000 ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ማለት ነው። ኮንቱሮቹ በየ20 ሜትሩ ይሣላሉ፤ በየ100 ሜትሩ ያለው አምስተኛ መስመር ደመቅ ብሎ ቁጥር ይጻፍበታል። ስለዚህ ሁሉንም መቁጠር አያስፈልግም፤ ደማቆቹን ቆጥሮ የቀሩትን መጨመር ይበቃል።

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ድረስ መሬቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። በካርታው ቋንቋ ይህ 13 ደማቅ መስመር፣ ቀጫጭኖቹ ሲጨመሩ 65 መስመር ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል መውጣት አለ። የመኪና መንገድ እነዚህን ሁሉ መስመሮች እያንዳንዳቸውን ማቋረጥ አለበት፤ ሌላ አማራጭ የለውም። አማራጩ ያለው አቋራረጡ ላይ ነው።

አሁን ማስመሪያችሁን አንሡ። ሁለት ተከታታይ ኮንቱሮች በ1 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ በ500 ሜትር ጉዞ 20 ሜትር ትወጣላችሁ፤ ይህ 4 በመቶ ዳገት ነው፣ አሮጌ ብስክሌትም አይቸግረውም። በ4 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ 10 በመቶ ይሆናል፤ ጭነት የያዘ መኪና ማቃሰት የሚጀምረው እዚህ ነው። በ1 ሚሊ ሜትር ሲጠጋጉ 40 በመቶ ነው። በእግር ካልሆነ አይሞከርም፤ እግርም ቢሆን እየጎበጠ ነው። የአባይ ሸለቆ ግድግዳ በብዙ ቦታ መስመሮቹ ከዚህም በላይ የተጠባበቁበት ነው። ስለዚህ መንገድ ሠሪው መስመሮቹን ፊት ለፊት መቁረጡን ትቶ በአግድም እየጎተተ፣ እየተጠመዘዘ፣ አንዱን ኮንቱር ቀስ ብሎ እየተሻገረ ይወርዳል።

ሒሳቡን እንጨርሰው። መውረዱና መውጣቱ ሲደመር 2,600 ሜትር ያህል ነው። በ20 ኪሎ ሜትሩ ቀጥታ ርቀት ብናካፍለው አማካዩ 13 በመቶ ይመጣል፤ ለመኪና መንገድ ከበድ ያለ ነው፣ ያውም ገደሎቹን ሳንቆጥር። በ40 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 6.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህ የሚቻል ነው። ትርፍ ያልነው 20 ኪሎ ሜትር እንግዲህ የዳገቱ ዋጋ ነበር።

ኮንቱር ሙቀትንም ይናገራል። በግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ 1,300 ሜትር የወረደ ሰው ወደ 8 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ አየር ይጠብቀዋል። ጎሐ ጽዮን ላይ ጃኬት ቆልፎ የተሳፈረ መንገደኛ ድልድዩ ጋ ሲደርስ መስኮት ከፍቶ የሚተነፍሰው ለዚህ ነው። ቆላ የምንለው ከ1,500 ሜትር በታች ያለውን፣ ወይና ደጋ ከዚያ እስከ 2,300 ገደማ፣ ደጋ ከዚያ በላይ፣ ውርጭ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ግድም ጀምሮ ያለውን ነው። ወሰኖቹ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ትንሽ ይለያያሉ። ካርታችሁ ላይ የ1,500ውን ኮንቱር በቀይ፣ የ2,300ውን በአረንጓዴ ብታደምቁ ማሽላው ከጤፍ፣ ጤፉ ከገብስ የሚለያይበትን ድንበር በግርድፉም ቢሆን ታገኙታላችሁ።

አምባ፣ ተረተር፣ ፈፋ፣ በር

የመሬት ቅርጾችን ስም በቃል ማጥናት ከባድ አይደለም። ከባዱ ቅርጹን ከመስመሩ ማወቅ ነው።

ተራራ በካርታ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ እየጠበቡ ወደ ጫፍ የሚሄዱ የተዘጉ መስመሮች ናቸው። ኮረብታም ያው ነው፤ መስመሮቹ ግን ያንሳሉ። ሁለቱን የሚለይ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። 3,000 ሜትር ላይ ያለ ከፍታ ዙሪያው 2,900 ከሆነ ኮረብታ ከመሆን አያልፍም። ጉብታ ደግሞ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። 15 ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ጉብታ በሁለት ኮንቱሮች መካከል ገብቶ ይደበቃል። ካርታው ባዶ ያሳየው ቦታ ሁሉ ዝርግ ሜዳ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱ።

ጫፎች ላይ አንዳንዴ ነጥብና ቁጥር ታያላችሁ፤ የቦታው ልክ ከፍታ ነው። ይህም ቁጥር ቢሆን ከልኬት የመጣ እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ራስ ዳሸን በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ነው። የኋለኞቹ ልኬቶች ግን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ከፍ በሚል ቁጥር ላይ አስቀምጠውታል። ተራራው አላጠረም፤ መለኪያው ተሻሻለ እንጂ።

አምባ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሌላ አገር መማሪያ መጽሐፍ በደንብ የማይገኝ ቅርጽ ነውና። አምባ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ደልዳላ የሆነ መሬት ነው። ካርታ ላይ ስታዩት ኮንቱሮቹ ተጠጋግተው፣ አንዳንዴም ተደራርበው ወፍራም ቡናማ ቀለበት ይሠራሉ። ከቀለበቱ ውስጥ ግን ድንገት ባዶ ይሆናል። ገና የሚማር ተማሪ ባዶውን አይቶ «ሜዳ ነው» ይላል። ሜዳስ ሜዳ ነው፤ ቁጥሩን ሲያነብ ግን ሜዳው ከዙሪያው በብዙ መቶ ሜትር ተሰቅሎ ያገኘዋል። አምባሰል ውስጥ ያለው ግሸን አፋፉ ከላይ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው። መስቀሉን ለማየት ሰማይ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ኮንቱሩን በጣት መከተል ይበቃል። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆች ግሸን ላይ የተጠበቁት ለምን እንደሆነም ያው ቀለበት ይናገራል።

መቅደላም አምባ ነው። ሆኖም ካርታውን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ቀለበቱ በሁሉም በኩል እኩል አልጠበቀም። በአንድ በኩል ከሥላሴ ተራራ ጋር የሚያያይዘው ኮርቻ አለ፤ መስመሮቹ እዚያ ፈታ ይላሉ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ አፄ ቴዎድሮስ ምሽግ የወጣው በዚያ በኩል ነው። መስመሮቹ ከተጠጋጉበት ከሌላው ወገን መሞከር ለማንም ጦር ከባድ ነበር።

ተረተርና ፈፋ ተማሪን የሚያምታቱ ናቸው፤ በካርታ ላይ ሁለቱም «ለ» ፊደልን የመሰለ ሹል ይሠራሉ። መለያው የሹሉ አቅጣጫ ነው። ሹሉ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር የሚያመለክት ከሆነ ከተራራው ወጣ ያለ ተረተር ነው። ወደ ከፍተኛው ቁጥር የሚያመለክት ከሆነ ደግሞ ውሃ የሚወርድበት ፈፋ ወይም ሸለቆ ነው። ፈፋው በበጋ ደረቅ ከሆነ ካርታው ሰማያዊ መስመር ላያደርግበት ይችላል፤ ሹሉ ግን አለ። ክረምት ላይ ጎርፉ በየት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

በር የሚባለው መንገደኛ ከፍታውን የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ ካርታው ላይ አለ። በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ደጋው አልቆ ወደ ስምጥ ሸለቆው መውረድ የሚጀመርበት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው 587 ሜትር የሚረዝም ዋሻም የሚገኘው እዚያው ነው። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ቁልቁለት በኮንቱር ቆጥሩት፤ ደማቆቹ ብቻ ወደ ሃያ ይጠጋሉ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ጉድጓድ። የዝቋላን ካርታ እንውሰድ። ኮንቱሮቹ ከዙሪያው ሜዳ ተነሥተው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ እየጠበቡ ይወጣሉ። አናቱ ላይ ስትደርሱ ግን ወደ ውስጥ የዞሩ ጥቃቅን ጭረቶች ያሉት ኮንቱር ታገኛላችሁ። ጭረቶቹ «ከዚህ በኋላ መውጣት ቀርቷል፣ ወደ ውስጥ ውረድ» ማለት ናቸው። መሐሉ ላይ ያለው ሰማያዊ የእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ የተኛው ሐይቅ ነው። ጭረቱን ያላየ ሰው ሐይቁን ተራራው ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል።

የውሃውን አካባቢ ስሞች ጣና ላይ በአንድ ጊዜ መማር ይቻላል። ዙሪያውን ውሃ የከበበው ደቅ ደሴት ነው። በሦስት ወገን ውሃ ነክቶት በአንድ ወገን ከየብስ የተያያዘው ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው።

ስኬል፣ ጥላና ሰዓት

ስለ ስኬል አንድ ነገር ብቻ። ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት ካርታ ፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ የተነሣ ነው። ኮፒው ካነሰ ወይም ከጎላ ኅዳጉ ላይ የተጻፈው 1:50,000 ሐሰት ይሆናል፤ ወረቀቱ ተለውጧል፣ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። አጠገቡ የተሣለው ባለ ኪሎ ሜትር መለኪያ መስመር ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚጎላ አያታልልም። ሁልጊዜ በእሱ ለኩ። ደግሞ ትልቅ ስኬል የሚባለው ትንሽ ቦታን አጉልቶ የሚያሳየው ነው፤ 1:50,000 ከ1:1,000,000 ይበልጣል። ግማሽ ከሩብ እንደሚበልጥ አስቡት።

አቅጣጫ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከውጭ የተተረጎሙ መጻሕፍት «እኩለ ቀን ላይ ጥላህ ወደ ሰሜን ያመለክታል» ይላሉ። ለአውሮፓ እውነት ነው። እኛ ግን ያለነው በምድር ወገብና በሰሜኑ የፀሐይ መመለሻ መሐል ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ 20ዎቹ መጀመሪያ ነው። በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት የእኩለ ቀን ፀሐይ በስተሰሜን ናት፤ ጥላችሁም ወደ ደቡብ ይወድቃል። መቀሌ ላይ ጊዜው ያጥራል፣ ሞያሌ ላይ ይረዝማል። በሰኔ የውጭውን መጽሐፍ አምኖ ካርታውን በጥላ ያቀና ሰው ገልብጦ ይይዘዋል።

እኩለ ቀንስ ስንት ሰዓት ነው? ስድስት ሰዓት ብላችሁ አትቸኩሉ። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ነው። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ከፍ ብላ የምትውለው ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በተመሳሳይ ስሌት ዋርዴር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጋምቤላ 40 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው፤ የሁለቱም ከተማ የግድግዳ ሰዓት ግን አንድ ነው።

እንጦጦ ላይ የሚሠራ መልመጃ

የአዲስ አበባን ባለ 1:50,000 ካርታና እርሳስ አዘጋጁ። ከእንጦጦ ሸንተረር በስተደቡብ የሚወርዱትን ሰማያዊ መስመሮች ተከተሉ። ቀበና ወርዶ ከአቃቂ ይገናኛል፣ አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከሸንተረሩ በስተሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ አባይ፣ ከአባይ እስከ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። የሁለቱ ተፋሰሶች ወሰን የሚያልፈው በእንጦጦ አናት ላይ ነው።

ወሰኑን ካርታው አልሣለላችሁም፤ የምትሥሉት እናንተ ናችሁ። በመጀመሪያ በሁለቱም ወገን የፈፋዎቹን ሹሎች ምልክት አድርጉ። ሹሎቹ ሁሉ ወደ ምንጫቸው፣ ወደ ከፍታው ያመለክታሉ። ከዚያ በደቡቡና በሰሜኑ ሹሎች መሐል፣ ከጫፍ ወደ ኮርቻ፣ ከኮርቻ ወደ ቀጣዩ ጫፍ እያላችሁ እርሳሱን ምሩት። ኮርቻ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ፤ መሳሳት የሚበዛው እዚያ ነው፣ መስመሩ በቀላሉ ወደ አንዱ ሸለቆ ይንሸራተታል። ስትጨርሱ ከዳር እስከ ዳር ፈትሹት። የሣላችሁት ወሰን አንድም ቦታ ሰማያዊ መስመር ካቋረጠ ስሕተት አለበት። ላጲስ አንሡና ከዚያች ቦታ እንደገና ጀምሩ።